የተቀጠለው እጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዛሬም አንድ እጅ አጣጣፊ መጣ። ማን እንደሚያስጠናቸው አላውቅም... ድርጅት የመሠረተ ሰው ሁሉ ካሜራ ፊት ሲቆም እጁን ደረቱ ላይ ያጣጥፋል። ኧረ ለመሆኑ እጁን አጣጥፎ ድርጅት ያቆመ ማን አለ? “በራስ መተማመንን ያሳያል” ይሉኛል። እኔ የሚታየኝ የበረደው ሰው ነው።

የዛሬው የቀለም ፋብሪካ ባለቤት ነው። አጭር፣ ደልደል ያለ፣ ድምፁ ከደረጃው ሥር ጀምሮ የሚሰማ። ሦስት ሱፍ በመስቀያ አንጠልጥሎ መጣ። “ሀብታም ልምሰል፣ ግን ትሑት ሀብታም” አለኝ። የትኛው ሱፍ ነው ትሑቱ? ሦስቱንም ለበሰ፣ ሦስቱንም አነሣሁት። በመጨረሻ ሰማያዊው ላይ ተስማማን። ስም አወጣሁለት፣ ባለ ሦስት ሱፉ።

አንድ ነገር ግን ወደድኩለት። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት። ልሸሽግለት ስል ጮኸብኝ። “ኧረ እሷን አሳዪልኝ! የመጀመሪያውን በርሜል ከመኪና ሳወርድ የተሰበረች ናት። ሌላው ሁሉ ከሷ በኋላ ነው የመጣው።” ሳቅን። ጠማማዋ ከላይ እንድትሆን አድርጌ ራሴ አጣጠፍኩለት። ለሷ ሲባል ይሁን አልኩ።

ሲወጣ፣ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ በሩ ጎን ያለው የጋሼ ፎቶ ፊት ቆመ። ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ስቱዲዮውን የከፈትነው አብረን ነው። ያን ፎቶ የከፈትን ዕለት ያነሣው አባባ ነው። ሥሩ “መስራች” ይላል። ጋሼ ትከሻ ላይ አራት ጣቶች አሉ፣ የጣቶቹ ባለቤት ግን የለችም፤ እዚያ ጋ ተቆርጧል። “ይሄ እጅ የማን ነው?” አለ ባለ ሦስት ሱፉ። ጋሼ እንደ ልማዱ “የእህቴ ነው፣ ታግዘኛለች” አለ። እኔም እንደ ልማዴ ሳቅኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

የቦርሳ ሰዎች ጋ ሄድኩ። የተማሪ ቦርሳ ይሠራሉ፤ ሁለት ሆነው ነው የመሠረቱት። እሱ ረጅም ነው፣ ጣራው ላይ የተንጠለጠለው አምፖል ግንባሩን ሊገጨው ምንም አልቀረው። እሷ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች ነው የተቀበለችኝ።

መሸጥ የእሱ፣ መሥራት የእሷ። የመጀመሪያውን ቦርሳ ከአሮጌ የመጋረጃ ጨርቅ ሰፋችው፣ እሱ ይዞት ዞሮ ሸጠው። እንዲህ ነው የጀመሩት። ማን ነገረኝ? እሱ ራሱ፣ በገዛ አፉ።

ካሜራ ፊት ግን ረጅሙ ደረቀብኝ። እንጨት! ቀና ይበሉ... ዘና ይበሉ... ትከሻዎን ይልቀቁት... ወይ ፍንክች! እሷ ሰለቻት መሰለኝ አጠገቡ መጥታ “የመጀመሪያው ደንበኛችን ትዝ ይልሃል? ቦርሳውን ገልብጦ አዝሎት ደብተሩ መንገድ ለመንገድ የተንጠባጠበው?” አለችው። በሳቅ ፈነዳ። ያኔ ጠቅ አደረግኩ። የመቁረጫውን ጠረጴዛ ተደግፈው፣ የሷ ትከሻ ከሱ ፊት ገብቶ፣ የሱ ቀኝ እጅ ከሷ ጀርባ ሆኖ።

አባባ ነፍሱን ይማረውና “ሰውና ሰው መሀል ክፍተት አትተዪ፣ ክፍተት ካለ መቀስ ይገባል” ይለኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን የሠርግ ፎቶ ያነሣ ሰው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ መጥተው “እሱን ቁረጥልኝ”፣ “እሷን ቁረጥልኝ” ሲሉት ነው የኖረው። እኔም ከሱ ተምሬ ትከሻ በትከሻ ላይ አደራርቤ ነው የማነሣው።

እስከ በሩ ሸኘችኝ። “እህቴ፣ አንድ በትልቁ አሳትመሽ ለእናቴ ትሰጪኛለሽ? ‘ልጄ ሰው ቤት ትሰፋለች’ እያለች ነው የምታወራው። ድርጅት አለኝ ብላት አታምነኝም።” እሰጥሻለሁ አልኳት። ቃሌ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

የቦርሳዎቹን ፎቶ ጨረስኩ። ምንም አልነካካሁትም፣ ጣቶቿ ላይ ያለውን የመርፌ ጠባሳ እንኳ ተውኩት። ራሴን ማሞገስ አልወድም... ግን ጎሽ፣ አንቺ ልጅ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ደሜ ፈልቷል። እስክሪብቶው ወረቀቱን እየበሳው ነው።

ከረጅሙ ቢሮ “የሕዝብ ግንኙነት ነኝ” ያለች ልጅ ደወለች። ፎቶው በጣም ቆንጆ ነው፣ እናመሰግናለን፣ አንድ ትንሽ ማስተካከያ ብቻ... ምን? “ሴትየዋን ማውጣት ይቻላል?”

ወዴት ነው የማወጣት?

“ማለቴ... ለመጽሔት ሽፋን ነው። ቢልቦርድም እናሠራለን። አንድ መስራች ብቻ እንዲታይ ነው የተፈለገው።”

መስራቾቹ ሁለት ናቸው አልኳት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እሳቸው የምርት ኃላፊ ናቸው። ተቀጣሪ” አለችኝ። ሴትየዋ ያውቃሉ? “ይነገራቸዋል።”

ይነገራቸዋል! አይ አለማፈር! መጀመሪያ ከፎቶው፣ ቀጥሎ ከድርጅቱ። ከመጋረጃ ጨርቅ ተነሥታ እዚህ ያደረሰችውን ሴት በገዛ ቤቷ ተቀጣሪ! እናቷ “ሰው ቤት ትሰፋለች” የምትለው እውነት ሊሆን ነው ማለት ነው?

አይሆንም አልኩ። “አይቻልም ነው ወይስ አይሆንም?” አለችኝ። ብልጥ ናት። አይሆንም!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ጋሼ ሰማ። ጠዋት ገና ጃኬቴን ሳላወልቅ ጀመረኝ።

“ደንበኛ ነው። የተባልሽውን ትሠሪያለሽ።”

ጋሼ፣ ሴትየዋ መስራች ናት እኮ።

“አንቺ ፎቶ አንሺ ነሽ እንጂ ዳኛ አይደለሽ። ምን አገባሽ?”

እሺ፣ ልሠራው ብልስ? እሷን ካወጣሁ ሰውየው ቀኝ ትከሻ የለውም። እጅም የለው። ከየት አመጣለታለሁ?

“ይፈለግለታል።”

ይፈለግለታል... እንደ ጠፋ ካልሲ። “በቃ ዝም በይ፣ ዝም አይነቅዝም” አለኝ። ዝም አይነቅዝም፣ ዝም ያለ ሰው ግን ይነቅዛል አልኩትና በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ። ቦርሳዬን ረስቼ ተመልሼ ገባሁ እንጂ ጥሩ አወጣጥ ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

አንነጋገርም። ሻይ ስንጠጣ ስኳሩን እንኳ በደንበኛ በኩል ነው ያቀበለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

ጉድ! ጉድ! ጉድ!

ታክሲ ውስጥ ነኝ። አደባባዩ ጋ ቀና ስል ረጅሙ ሰውዬ... ቢልቦርድ ላይ፣ ፎቅ አክሎ፣ ብቻውን፣ እኔ ያነሣሁትን ሳቅ እየሳቀ። እሷ የለችም። እሱ ደግሞ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፏል!

እጁን አላጣጠፈም እኮ! እኔ ሳነሣው እጁ ከጀርባዋ ነበር!

“ወራጅ አለ” ብዬ ወረድኩ። መንገድ ዳር ቆሜ አንጋጥጬ አየሁ። ያ ሁሉ ቁመት፣ እጆቹ ግን የሕፃን ያህል አጭር። እጅጌው የረጅሙን ሱፍ እንዲመስል ግራጫ ተቀብቷል፣ ክርኑ ጋ ግን ሰማያዊው ሾልኮ ይታያል። ከዚያ ትንሿን ጣት አየኋት። ጠማማዋን። የበርሜሏን ጣት!

የባለ ሦስት ሱፉን እጅ ቆርጦ ረጅሙ ላይ ቀጥሎታል! ጋሼ! ከኔ ኮምፒውተር አውጥቶ!

ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ረጅሙ አይቶ እሺ ማለቱ ነው። ሰው የገዛ እጁን አያውቅም? ፊቱ አምሮ ስላየው ሌላውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እጅም ለካ ባዳ ነው።

እየሮጥኩ ስቱዲዮ ገባሁ። ጋሼ ዐይኑን በጨው አጥቦ “ማን ያውቃል?” አለኝ። ማን ያውቃል? ባለቤቱ ነዋ! “ተዪ ባክሽ፣ እጅ እጅ ነው።”

እጅ እጅ ነው! የፎቶ አንሺ ልጅ ይሄን ይላል? አባባ ቢሰማ ምን ይል ነበር?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

ቃሌን ይዤ ሄድኩ። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ፣ በአንሶላ ጠቅልዬ።

የቦርሳዋ ሴትዮ ስታየኝ ግራ ገባት። “ተበላሸ አልተባለም እንዴ?”

ምኑ?

“ፎቶው። እሱ ነው የነገረኝ። ዐይኔ ተጨፍኖ፣ ብርሃን ገብቶበት ተበላሸ፣ ለዚያ ነው ብቻዬን ያወጡኝ አለ። ‘አይዞህ፣ እኔ ድሮም ፎቶ አይወጣልኝም’ አልኩት።”

አይዞህ አለችው! እሱን አጽናናችው!

ተበላሸ... የኔ ፎቶ! ከአባባ ጋር ፊልም በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ካደግኩበት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ተሰድቤ አላውቅም። ሌባ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ንዴቴ የሷ ይሁን የኔ መለየት አቃተኝ። አንሶላውን ገፈፍኩት።

ጎንበስ ብላ አየች። ሠራተኞቹ ማሽን እያቆሙ ከኋላዋ ተሰበሰቡ። አንዷ “ውይ እትዬ፣ ሲያምርብዎት!” አለች። እሷ ግን ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ፣ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ፣ “ከፊት ያለሁት እኔ ነኝ” አለች።

ነገርኳት። “ተቀጣሪ” የሚለውን፣ “ይነገራቸዋል” የሚለውን፣ ሁሉንም። ነገር አመላላሽ ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም። ነገሩ ከሷ ሲሸሸግ ያየ ሁሉ አፉን ከዘጋማ ማን ይንገራት?

አላለቀሰችም። “ዓርብ አንድ ነገር ፈርሚልኝ ብሎኝ ነበር። ለባንክ ነው ብሎ” አለች። ከዚያ መቀሷን አንሥታ የጀመረችውን ጨርቅ ቀጥ አድርጋ ቆርጣ ጨረሰች። ሻይ አስመጣችልኝ፣ ሁለታችንም ሳንጠጣው ቀዘቀዘ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ባለ ሦስት ሱፉ ዛሬ ያለ ሱፍ መጣ። በሹራብ። ገና ደረጃው ሥር ሆኖ “እጄን የሸጠው ማነው?” ሲል እንግዳ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ዘወር አሉ።

ያየችው ሚስቱ ናት። “አደባባዩ ላይ እጅህ ተሰቅሏል” ብላ ደወለችለት። “አበደች ብዬ ነበር! ሄጄ ባይ ጣቴ! የኔ ጣት! በርሜሉን ያወረድኩት እኔ፣ አጣጥፎ የሚቆመው እሱ!” ጠማማዋን ጣት ጋሼ አፍንጫ ሥር አምጥቶ ያወዛውዛታል። የሱን ቁጣ ሰምቼ የኔ ትንሽ ቀለለኝ። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ጋሼስ ምን ቢል ጥሩ ነው? መቼም እንዳልረሳው ቃል በቃል ልጻፈው። “ይቅርታ ጌታዬ፣ ፎቶ የምትሠራው እህቴ ናት። እኔ አስተዳደሩን ብቻ ነው የማየው።”

እንዲህ አለ። የእናቴ ልጅ። ለምስጋናው ጊዜ መስራች እሱ፣ ለስድቡ ጊዜ ሠሪዋ እኔ! እስካሁን “ታግዘኛለች” ሲል የኖረ ሰው ዛሬ ሥራው ሁሉ የኔ ሆነለት። ድንቄም መስራች! እጄ አመድ አፋሽ ነው እል ነበር፣ አመዱንም ለካ ራሴ ላይ ነው የሚበትነው።

ታላቅ ወንድሜን ሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ ተናገርኩት። “ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። እጁን የቀጠለው እሱ ነው። አይሆንም ብዬዋለሁ። ደግሞ የዚህ ቤት መስራች እሱ ብቻ አይደለም።” የመጨረሻዋ ከየት እንደመጣች እንጃ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ... መመለሻ የላትም። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ።

ባለ ሦስት ሱፉ ጣቱን አወረደ። ግድግዳው ላይ ያለውን የጋሼን ፎቶ አየ። ትከሻው ላይ የቀሩትን አራት ጣቶች አየ። ከዚያ ዞሮ የኔን እጅ አየ።

“እዚህ ቤት እጅ መቁረጥ ልማድ ነው ማለት ነው” አለ።

ቢልቦርዱ እስከ ቅዳሜ እንዲወርድ አዞ ሄደ። ደረጃውን እየወረደም “የራሱን እጅ ይልበስ!” ሲል ይሰማ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ከሰኞ ጀምሮ ያ የጋሼ ፎቶ ፊት ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ስንት ዘመን በሱ በኩል ገባሁ፣ ወጣሁ! “እጁ የማን ነው?” በተባለ ቁጥር አብሬ የምስቀው ምን አስቆኝ ነው? ለሴትየዋ እንዲያ ስንጨረጨር የራሴን ጣቶች አላየኋቸውም እንዴ?

አየኋቸው። ለምጃቸው ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ቢልቦርዱ ወረደ። ከመውረዱ በፊት ግን ሰዉ እየቆመ ሲሳለቅበት ሰነበተ፤ የታክሲ ረዳቶቹ “አጭር እጅ ጋ ወራጅ አለ?” ማለት ጀምረው ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አሉ... ይሄኛውስ አላደረም።

ረጅሙ ዛሬ ራሱ መጣ። ብቻውን። መጽሔቱ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል፣ የተቀጠለውን አናወጣም ብለውታል። እንደገና አንሺኝ አለ። ጋሼ ከበሩ ሆኖ “እባክሽ” አለኝ። ከጋሼ አፍ “እባክሽ” ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

እምቢ አላልኩም። ሥራዬ ነው፣ አነሣሁት። መብራቱን ከቀኝ፣ ከግራ፣ ከላይ... ቀና ይበሉ፣ ዘና ይበሉ... እንጨት! ላብ አጠመቀው። የባሰው ደግሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ማጣጠፉን ፈርቷል፣ ኪሱ ሲከት አላማረም፣ ሲያንጠለጥለው የሚገረፍ ተማሪ መሰለ። በመጨረሻ “ያን ቀን እንዴት ነበር የሳቅኩት?” አለኝ።

እሷን ይጠይቋት አልኩት።

የተነሣውን ላክን። የመጽሔቱ አዘጋጅ ወዲያው ደወለች፣ ስልኩ ክፍት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። “ይሄ ምንድን ነው? የመታወቂያ ፎቶ ነው እንዴ? ያን ሳቁ ያለበትን ላኩልኝ። ዋናውን፣ ምንም ያልተነካውን።”

ዋናው እሷ አለችበት አልኩ።

“ይኑሩበታ!”

ረጅሙን አየሁት። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይደባብሳል። አልረዳሁትም፣ አልቸኮልኩም። ይናገረው። ብዙ ቆይቶ “ላኪው” አለ። ላኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

መጽሔቱ ወጣ። ሽፋኑ ላይ ሁለቱም፣ ትከሻ በትከሻ። ሥሩ “መስራቾቹ” ይላል። ሁለት ገዛሁ።

የቦርሳዋ ሴትዮ ደወለች። አልፈረመችም። “ቁጭ ብለን ተነጋገርን፣ አንቺ ያመጣሽውን ፎቶ ከጠረጴዛው ማዶ አቁሜ። ዐይኑን አንሥቶ ማየት አቃተው” አለችኝ። ታረቃችሁ? “ምን እርቅ አለ! ሥራ ነው እንጂ። እኔ ከቦታዬ አልነሣም፣ እሱም የትም አይሄድም። ከእንግዲህ ግን ሳላነብ የምፈርመው ነገር የለም።”

ፎቶው አሁን መቁረጫው ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል። እናቷ መጥተው አይተውታል። መነጽራቸውን ጠርገው ጠርገው ሲያበቁ “ይሄ ረጅሙ ሠራተኛሽ ነው?” አሏት።

ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ለጋሼ ልነግረው ብድግ ብዬ ነበር... ከዚያ እንደተኳረፍን ትዝ አለኝና ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

የአባባን ሣጥን ከፍቼ የከፈትን ዕለት የተነሣውን ፊልም አገኘሁት። ሙሉውን። እኔ ከጋሼ ግራ፣ ፀጉሬ ተንጨብርሮ፣ አንገቴ ላይ ካሜራ፣ እጄ ትከሻው ላይ። ተጠጋግተናል፣ አንድ ወረቀት እንኳ በመሀላችን አያልፍም። አባባ ነው እንዲያ ያቆመን። ለዚህ ነው ለካ ሲቆርጡኝ ጣቶቼ የቀሩት።

አሳተምኩት። ሥሩ “መስራቾች” ብዬ አስጻፍኩ። የድሮውን አውርጄ ይሄንን ሰቀልኩ።

ጋሼ ገብቶ አየ። “ደንበኛ ምን ይላል?” አለ። ሁለት ናቸው ይላል አልኩት። “አውርጂው።” አንተ አውርደው አልኩት፣ እኔ ራሴን አላወርድም።

ወንበር ሳበ፣ ላዩ ላይ ወጣ። ፎቶውን በሁለት እጁ ያዘው። ካወረደው ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ ብዬ ቆርጫለሁ፤ ቦርሳዬን በእጄ ይዣለሁ፣ ዛሬ አልረሳም። ጋሼ ግን ወንበሩ ላይ እንደቆመ ቀረ። “አባባ ክፍተት አልተወም” አለ። አዎ አልኩ። ቀስ ብሎ ወረደ፣ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። ፎቶው ቀረ።

ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም ያን “አስተዳደሩን ብቻ” የሚለውን አልረሳሁለትም፣ ገና ብዙ አለን።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

አዲስ ደንበኛ። የጫማ ሶል ማምረት የጀመረ ልጅ እግር። በሩ ጋ ቆሞ ፎቶውን አየና “መስራቹ የትኛችሁ ናችሁ?” አለ።

ጋሼ አፉን ከፈተ። ፎቶውን አየ። እኔን አየ።

“ሁለታችን” አለ። መራራ መድኃኒት የዋጠ ይመስል ነበር።

አልሳቅኩም። መብራቱን አበራሁና ከካሜራው ኋላ ገባሁ። ልጁ ቦታውን ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን አጣጥፎ ቆሟል።

“እጅህን ፍታ” አልኩት።